በእትዬ ፀሐይ ስልክ ላይ የማይደበቀው ስም

ኢየሩስ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። መጀመሪያ ላይ ትሞክር ነበር። «ድረ ገጽ ተሠርቶ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት፣ በየዓይነቱ ስልክና በየዓይነቱ ብሮውዘር ከፍቼ ደህና መታየቱን አያለሁ» ትል ነበር። የቡራዩ ጎረቤቶቿ ከዚህ ሁሉ የያዙት «ስልክ ታያለች» የሚለውን ብቻ ስለሆነ፣ ስልካቸው በተበላሸ ቁጥር ይዘውባት ይመጣሉ። የአንዱ ድምፁ ጠፍቷል፣ የአንዷ ውሃ ገብቶበታል፣ የሌላው ቻርጀር አልቀበል ብሏል። እሷም ማስረዳቱ ስለሚያደክማት የቻርጀሩን ቀዳዳ በስቴኪኒ ጠርጋ ትመልስላቸዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ይህም የባሰ ያናድዳታል።

እውነቱን ለመናገር የሥራዋ ትልቁ ክፍል ልመና ነው። መሥሪያ ቤቷ አራት ስልክ ሰጥቷታል። አራቱም አዳዲስ ናቸው፤ በአራቱም ላይ ገጹ እንደ ሥዕል ያምራል። ችግሩ በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ሰው የሚይዘው እነዚያን አለመሆኑ ነው። ሰው የሚይዘው መስተዋቱ የተሰነጠቀውን፣ ሦስት እጅ የዞረውን፣ ቦታ ሞልቶበት አንድ ፎቶ እንኳ የማያስገባውን ነው። ገጽ የሚከፍትበትም ብሮውዘር ስልኩን የሸጠለት ልጅ የጫነለት ነው። ስሙን ብትጠይቂው «ኢንተርኔቱ ነዋ» ይልሻል። ስለዚህ ኢየሩስ ታክሲ ተራ ትቆምና፣ «ይቅርታ፣ ስልክዎን ለሁለት ደቂቃ ያውሱኝ?» ትላለች። ገሚሱ ኪሱን ጨብጦ ፈቀቅ ይላል። ገሚሱ ለምን እንደሆነ ይጠይቃትና፣ ስታስረዳው ከበፊቱ የበለጠ ይጠራጠራታል። አንድ ቀን ሱሉልታ መንገድ ዳር፣ ከልምምድ የሚመለስ ሯጭ ብቻ ነው ሳያቅማማ የሰጣት። «ውሰጂው፤ ይዘሽ ብትሮጪም እደርስብሻለሁ» አላት።

ያየችውን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች። «ቡራዩ፣ ከታ፣ የሸንኮራ ሻጩ ስልክ፦ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል።» «ዓለም ገና፣ የባጃጅ ሾፌር፦ ‹ግባ› የሚለው ቁልፍ ከመስተዋቱ ውጪ ወጥቷል፣ መጫን አይቻልም።» ማታ ማታ እነዚህን በኮምፒውተር ገልብጣ ከፎቶ ጋር ለወንዲ ትልካለች።

ወንዲ ገጾቹን የሚሠራው ልጅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዊንጌት አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወንዲም ከዚያ ወንበር ተነሥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጎበዝ ነው፤ ይህን ኢየሩስም አትክድም። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እኔ ጋ ይሠራል።»

«ወንዲ፣ አንተ ጋ መሥራቱን ማን ጠየቀህ? ሸንኮራ ሻጩ ጋ አይሠራም።»

«ሸንኮራ ሻጩ ስልኩን አፕዴት ያድርጋ።»

«ስልኩ ላይ አፕዴት የሚገባበት ቦታ የለም።»

«እንግዲያ ስልክ ይግዛ» ይላትና ይስቃል። እሷም ስልኩን ትዘጋበታለች። በማግስቱ ሪፖርቷን ስታየው «አይስተካከልም» ተብሎ ተዘግቷል። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እንዲህ የተዘጋባትን መቁጠር ጀምራ፣ ሁለት መቶ ሲያልፍ ለጤናዋ ስትል ተወችው።

የእድሩ ሥራ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

እድሩ የድሮ ጎረቤቶች እድር ነው። አዲስ አበባ መሐል የነበረው ሰፈራቸው ፈርሶ ሰዉ ሲበተን፣ ገሚሱ ሰበታ፣ ገሚሱ ቡራዩ፣ ገሚሱ ሱሉልታ ገባ። ቤቱ ፈረሰ እንጂ እድሩ አልፈረሰም። ሊቀመንበሩ ጋሼ መልከጼዴቅ ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ አሁን የሚኖሩት ሱሉልታ ነው። ሰው ሲሞት ለሦስት ከተማ ማዳረስ ስላልተቻለ፣ አባሉ ሁሉ በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ገጽ ይሠራልን ብለው መጡ።

አብረዋቸው የመጡት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ አባባ ገብረየስ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ጥሩንባ ነፍተዋል። ወንዲ ገጹን በትልቅ ስክሪን እያሳየ ሲያስረዳ ዝም ብለው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የእኔ ልጅ፣ ይሄ ዕቃ ዝም ማለት ይችላል?»

«እንዴት ማለት አባባ?»

«እኔ ሰፈሩን ስዞር፣ መርዶው ገና ያልተነገረበት ቤት ጋ ስደርስ፣ ሁለት አጥር ሲቀረኝ ጥሩንባዬን ብብቴ ውስጥ እከትና እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሹልክ ብዬ አልፋለሁ። ማዶ ስሻገር እንደገና እነፋለሁ። አገሩ ሁሉ ሰምቶ ባለቤቱ አይሰማም። ባለቤቱ የሚሰማው ሲነጋጋ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው። ያንተ ዕቃ ቤት መዝለል ያውቃል?»

ወንዲ ሳቀ። «ቀላል ነው!» አለ። በሳምንቱም ሠራው። እያንዳንዱ አባል በስልክ ቁጥሩ ይገባል። ጋሼ መልከጼዴቅ የሟቹን ስም ሲያስገቡ «መርዶ አልተነገረም» የሚለው ላይ ምልክት ካደረጉ፣ ስሙ ለአባል ሁሉ ይታያል፤ ለሐዘንተኛው ቤት ግን ይደበቃል። ሲነገር ምልክቱን ያነሡታል። አባባ ገብረየስ ሦስቴ አስደግመው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ይበላቸው አይበላቸው አልታወቀም።

ኢየሩስ ገጹን ይዛ ሦስቱን ከተማ ዞረች። የዚህን ሥራ ነገር ከሌላው ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችው። የገዛ እናቷን መርዶ የሰማችው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ገፈርሳን እንዳለፉ ስልኳን ስትከፍት፣ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ከአምስት ሰው «ነፍስ ይማር» ተጽፎ አገኘችው። ረዳቱ ሒሳብ እየጠየቃት ነበር። ስለዚያ ቀን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ለወንዲማ ጭራሽ።

ገጹ በየስልኩ ደህና ነበር፤ ከአንድ ዓይነት ብሮውዘር በስተቀር። እሱም ዳታ ለመቆጠብ ተብሎ የተሠራ አሮጌ ነው። ሥዕሉን ይጥላል፣ ቀለሙን ይጥላል፣ ጽሑፉን ብቻ ያመጣል። በዚያ ላይ የተደበቀውም ስም ወለል ብሎ ይታያል። ምክንያቱ ለኢየሩስ ወዲያው ገባት። ገጹ ስሙን ለሁሉም ስልክ ይልከዋል። ከዚያ ስልኩ ላይ የሚሠራ አጭር ትእዛዝ «ይህ የሐዘንተኛው ቤት ነው፣ ደብቅ» ይለዋል። አሮጌው ብሮውዘር ትእዛዙንም ከሥዕሉና ከቀለሙ ጋር አብሮ ይጥለዋል።

ይህን ያየችው ሰበታ፣ እትዬ ፀሐይ ቤት ነው። እትዬ ፀሐይ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናቸው፤ ሃምሳውን አልፈዋል፤ ወሬ ይወዳሉ። ስልካቸውን ከለመነቻቸው ሰዎች ሁሉ፣ ከዚያ ሯጭ ሌላ፣ ሳይጠይቁ የሰጡ እሳቸው ብቻ ናቸው። ኢየሩስም ያንን ስልክ ለሙከራ የሚሆን ወርቅ አድርጋ ያዘችው፤ አራት ጊዜ ተመላልሳ ወሰደችው። በመጨረሻው ቀን፣ ገጹ ሳይመረቅ ስሕተቱ ይስተካከላል ብላ ስላመነች፣ እንደ ምስጋና ቢሆንልኝ ብላ፣ ብሮውዘሩ ገና ሲከፈት የእድሩ ገጽ ቀድሞ እንዲመጣ አድርጋላቸው ሄደች።

«አሁን መፈለግ የለብዎትም እትዬ። ሲከፍቱት እሱ ራሱ ይመጣል።»

«ተባረኪ። ዓይኔ ደክሟል፤ ይሄን ሁሉ መጫን የት እችላለሁ» አሏት።

ለወንዲ የላከችው ሪፖርት ረጅም ነበር። «ስሙን ከምንጩ አትላከው፤ ልከህ ደብቅ አትበል» ብላ ጽፋለች። ወንዲ ደወለላት።

«ኢየሩስ፣ በናትሽ፣ ያንን ብሮውዘር በዚህ ዘመን የሚጠቀም ማነው? ከመቶ ሁለት ሰው አይሞላም።»

«እድሩ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው አለ። ስድስት ሰው ማለት ነው።»

«እና በዚያ ስድስት ሰው ቤት፣ በዚያው ሰሞን ሰው ሞቶ፣ መርዶ ሳይነገር፣ እሱም ገጹን ከፍቶ... ተይ እንጂ! ሎተሪ ነው እኮ የምታወሪው።»

«አስተካክለው ብቻ።»

«ሌላ ሦስት ሥራ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። እኔ ጋ ይሠራል።»

«አይስተካከልም» ተብሎ ተዘጋ። እሷ መልሳ ከፈተችው፤ እሱ መልሶ ዘጋው። ሦስተኛ ጊዜ ስትከፍተው አለቃቸው ጠርቶ፣ «በአንድ ጉዳይ አትጨቃጨቁ» አላቸው። ለሁለቱም እኩል አድርጎ መናገሩ ነው ያቃጠላት። ገጹ እሑድ ሱሉልታ ላይ፣ በእድሩ ስብሰባ ተመረቀ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ኢየሩስ ቡራዩ ቤቷ ሌላ ገጽ እየሞከረች ሳለ ከእድሩ ገጽ መልእክት ገባላት፤ ለሙከራ የከፈተችው አባልነት ገና አልተዘጋም ነበር። ከፍታ አነበበችው። «የወንድማችን የአቶ ሙሴ ዜና ዕረፍት። የወይዘሮ ፀሐይ ወንድም፣ ሰበታ። ቀብር ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት።» ከሥሩ በትንሽ ፊደል፦ «መርዶ አልተነገረም። ሲነጋጋ ይነገራል።»

ሙሴ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ሆስፒታል መተኛቱን በሳምንቱ መጀመሪያ እትዬ ፀሐይ በስልክ ነግረዋታል፤ «እሑድ ይወጣል ብለውኛል» ብለው ነበር።

ያ ስልክ፣ ያ ብሮውዘር፣ እሷ ራሷ ቀድሞ እንዲመጣ ያደረገችው ገጽ። መጀመሪያ ወንዲ ጋ ደወለች።

«ወንዲ፣ የእድሩን ገጽ አሁን ዝጋው።»

«ምን?»

«መርዶ ያልተነገረበት ስም አለ። ሴትዮዋ ያንን ብሮውዘር ነው የሚጠቀሙት። ስልካቸውን አራት ጊዜ በእጄ ይዤ ሞክሬዋለሁ፤ አውቀዋለሁ።»

«ቆይ... አየሁት። በሐዘንተኛ ቁጥር ገብቼ አየሁት፤ ተደብቋል እኮ። እኔ ጋ...»

«እንዳትለው! እንዳትላት እሷን ቃል!»

«እሺ አትጩኺብኝ። ገጽ ለመዝጋት የአለቃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። መብራትም አሁን ሄደ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ...»

ዘጋችበትና ጋሼ መልከጼዴቅ ጋ ደወለች። «ስሙን ለአንድ ምሽት ያንሡት» ብላ ለመነቻቸው።

«እንዴት ተደርጎ ልጄ? ሰው በምን ሰምቶ ይመጣል? ከሱሉልታ ሰበታ ለመድረስ ሌሊት መነሣት የሚኖርበት ሰው አለ። ደግሞ ‹ይደብቃል› ብላችሁ አይደለም ወይ የሰጣችሁን?»

«ብለናል ጋሼ። በአንዳንድ ስልክ አይደብቅም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ማመካኛ ሆኖ ተሰማት። ጋሼ መልከጼዴቅም እሺ ቢሉ እንኳ ስሙን ማንሣት አይችሉም፤ ገጹን የሚከፍቱላቸው ምራታቸው ናቸው፤ ምራታቸው ገበያ ወጥተዋል።

ቀጥላ አባባ ገብረየስ ጋ ደወለች። እሳቸው ዓለም ገና ናቸው፤ ለሰበታ ቅርብ ናቸው። «አባባ፣ ይድረሱልኝ። እትዬ ፀሐይ ቤት ይሂዱና እንደምንም ብለው ስልካቸውን ይያዙልኝ።»

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እኔ ደጃፏ ላይ ከታየሁ ምን ቀረ ልጄ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት የምደርሰው ለምን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። ያቺ ሴት እኔን ስታይ መርፌውን ጥላ ነው የምትጮኸው። የእድሩ ሰውም ማንም ቢሄድ ያው ነው። በዓርብ ቀን ምን ሊያደርግ መጣ ትላለች። አንቺ ግን ሁልጊዜ ስልክ ስጡኝ እያልሽ ነው የምትነዘንዢያት ይላሉ።»

ኢየሩስ ጃኬቷን አንሥታ ወጣች።

ከቡራዩ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና ሰበታ። አየር ጤና ላይ ሰልፉ መታጠፊያውን አልፎ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ገብታም ሾፌሩ እስኪሞላ አልነሣም አለ፤ ሞልቶም እስኪጠጋጋ አልነሣም አለ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች «እረ ንዳ» እያሉ ሲጮኹ፣ እሷ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለወንዲ መልእክት ትጽፋለች። «ዘጋኸው?» «ገና።» «አሁንስ?» «አለቃ ስብሰባ ላይ ነው ብዬሻለሁ።» «ወንዲ፣ ኦቦ ሊቤ ያ ብሮውዘር አላቸው። ወርደህ በሳቸው ስልክ በሐዘንተኛዋ ቁጥር ግባና እየው። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።» ኦቦ ሊቤ የሕንፃው ጥበቃ ናቸው። ወንዲ አልመለሰላትም።

ሰበታ ስትደርስ እትዬ ፀሐይን በስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው አንገት ሲያዞሩ አገኘቻቸው፤ የሸሚዝ አንገት። ስልኩ በስተግራቸው፣ ግድግዳው ላይ ሶኬት ላይ ተሰክቷል።

«ደግሞ መጣሽ?» ብለው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ባል ብትፈልጊ ይሄኔ አግኝተሽ ነበር! ስልኩ ሞቶ ነው የዋለው፤ መብራት የመጣው አሁን ነው። ከሆነልሽ ውሰጂው።»

ኢየሩስ ከሶኬቱ ነቀለችው። ባትሪው አራት ከመቶ ነው። ጀርባዋን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ብሮውዘሩን ከፈተችው። ገጹ ቀስ እያለ መጣ። ሥዕል የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ። የመጀመሪያው መስመር የሙሴ ስም ነበር።

ልክ ነበረች። ገጹ ከመመረቁ በፊት የጻፈችው ሁሉ፣ ቃል በቃል። ልክ መሆን እንደዚያን ቀን አስጠልቷት አያውቅም።

ገጹን አጠፋችው። ቀድሞ እንዳይመጣ አደረገች፤ እትዬ ፀሐይንም ከእድሩ ገጽ አስወጣቻቸው። ስትቸኩል ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ነካች።

«ምነው ዛሬ ላብ በላብ ሆነሻል?»

«ታክሲው እትዬ። ተጨናንቀን ነው የመጣነው።»

«ውሃ ልስጥሽ? ተቀመጪ። ጨረስሽ? ከጨረስሽ ወዲህ በይው፤ ለሙሴ ልደውልለት። ቻርጅ የለኝም ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም።»

ምን ብላ ትከልክላቸው? «ገና አልጨረስኩም» አለች። ትንሽ ቆዩና እንደገና እጃቸውን ዘረጉ። የሰው ስልክ ነው፤ የሰው ወንድም ነው። ሰጠቻቸው።

ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። «ተኝቶ ይሆናል» አሉና አንገቱን ማዞር ቀጠሉ። አንድ ሸሚዝ ጨርሰው እንደገና ደወሉ። «ነርሶቹ ስልክ አታብዙ ይሏቸዋል መሰለኝ።» ሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ኢየሩስ የተቆራረጠውን ክር ከወለሉ ትለቅም ነበር፤ ሌላ የምትሠራው ስላላገኘች። አራተኛው ላይ እትዬ ፀሐይ ስልኩን ከጆሮአቸው አንሥተው ትንሽ አዩት። «ለነገሩ እሑድ ይወጣ የለ» አሉ። ወደ ሶኬቱም መለሱት።

የኢየሩስ ስልክ ያኔ ጠራ። ደጅ ወጥታ አነሣችው። ወንዲ ነው፤ ከኋላው የኦቦ ሊቤ ድምፅ ይሰማል፤ «ማሎ፣ እባክህ ስልኬን መልስልኝ እንጂ» ይላሉ።

«ኢየሩስ» አለ ወንዲ።

«አየኸው?»

«ሙሉ ስሙ። ከላይ። ‹የወይዘሮ ፀሐይ ወንድም› ይላል። ሴትዮዋ... አየችው?»

«አላዩትም።»

«ዘጋሁት። አለቃውን አልጠበቅሁም፤ ገጹን በሙሉ ነው የዘጋሁት።»

«እሺ» አለች። ማለት የምትፈልገው ብዙ ነበር፤ ግን አሁን ሲመጣላት ሁሉም ከዚህ በፊት ጽፋ የላከችው ሆኖ አገኘችው።

ገጹ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተነሣ። ጋሼ መልከጼዴቅ እየተንጨረጨሩ ደወሉ። ሱሉልታ የቀብሩን ሰዓት ያላየ ሰው ሞልቷል፤ ቡራዩም እንደዚያው። «አንዴ ‹ይደብቃል› ትሉናላችሁ አይደብቅም፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ጠፍቷል! እናንተ ሰዎች ከሞት ጋር ትጫወታላችሁ እንዴ?» ኢየሩስ ለወንዲም፣ ለአለቃውም፣ ለብሮውዘሩም ፋንታ ይቅርታ ጠየቀች። ሥራውን አባባ ገብረየስ ያዙት። ዓለም ገና ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ከአንድ የድሮ መዝገብ ላይ፣ ሦስት መቶውን አባል አንድ በአንድ ሲደውሉ አመሹ። አንድ ቁጥር ብቻ ዘለሉ።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ እትዬ ፀሐይ በር ላይ ተሰበሰቡ። የሱሉልታዎቹም ደርሰው ነበር። ኢየሩስ አልነበረችም፤ ስለዚያ የሰማችው ከአባባ ገብረየስ ነው፤ እሳቸውም «በደንብ ተያዘች» ከማለት ሌላ አልጨመሩም።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ተጠራ። አለቃው «የተፈጠረውን ክፍተት» ብሎ ጀምሮ፣ ኢየሩስ አዲስ ሪፖርት እንድትሞላ አዘዘ። ሦስቴ የተዘጋው አሮጌው ከእንግዲህ አይከፈትም፤ «ተዘግቷል» ይላል። ቅጹ ላይ «የችግሩ ክብደት» የሚል ቦታ አለ፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። «ተጎጂ ተጠቃሚ ብዛት» የሚልም አለ። አንድ ብላ ጻፈች። ቅጹ አንድ የሚለውን ቁጥር ሲያይ ክብደቱን በራሱ ወደ «ዝቅተኛ» መለሰው። አስተካከለችው፤ መልሶ «ዝቅተኛ» አደረገው። ወንዲ ከጎኗ ቆሞ ያይ ነበር። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ያለ ሪፖርት ማስተካከል ጀመረ።

እሷ ወጥታ ሰበታ ሄደች። ሰልስት ነበር። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። እትዬ ፀሐይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሴቶቹ መሐል ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ኢየሩስ ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችና ለመቆም ስትል እጇን ያዟት።

«ዓርብ ስትመጪ አውቀሽ ነው።» ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ እትዬ።»

«ስልኩ ላይ ነበረ ማለት ነው።»

«ነበረ።»

እትዬ ፀሐይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ደርቋል። «አራት ጊዜ ነው የደወልኩት» አሉ። «አንቺ ክር ትለቅሚያለሽ፤ እኔ እደውላለሁ።»

ኢየሩስ ከመሥሪያ ቤት እስከ ሰበታ ሙሉ መንገዱን የተዘጋጀችበት ብዙ መልስ ነበራት፤ ስለ ምንጩ፣ ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ተዘጋው ሪፖርት። አንዱም ለዚህ አይሆንም።

«እንዳይሰሙ ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ደህና አድርገሻል። ግን ተናድጄብሻለሁ» አሉ እትዬ ፀሐይ። እጇን አልለቀቁም። ከጎናቸው ለተቀመጠችው ሴት «ትንሽ ጠጋ በይላት» አሏትና ወደ ኢየሩስ ዞሩ። «ተቀመጪ እንጂ። ቆመሽ ትውያለሽ?»

ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።